አባ ቀስታ እንቅልፍ ያጣባቸው አምስት ሌሊቶች

ረቡዕ ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ዴፖው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተለጠፈ። አባ ቀስታና እንቅልፍ የተለያዩት በዚያች ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ አዲሱን አውቶቡስ ለመንዳት የተፈተኑ የአሥራ አራት ሹፌሮች ስም በውጤታቸው ተራ ተጽፏል። አንደኛው እሱ ነው። አንዴ አነበበው፣ ራቅ ብሎ አነበበው፣ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አነበበው። ስሙ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

አባ ቀስታ እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ፍሬን በድንገት ረግጦ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ አንገዳግዶ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው። ሲያሞግሱት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ከኋላው ተሰልፈው ሲቸኩሉ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ እንቁላሉ እኮ ተፈልፍሎ አድጎ ቀደመህ!» እያሉ ይጮሁበታል። እሱ እንደሆነ ለሁለቱም እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ይላል፤ ፍጥነቱን ግን አይጨምርም።

አዲሱ አውቶቡስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቀይ ነው። ርዝመቱ አሥራ ስምንት ሜትር ሲሆን ሁለት አካል አለው፤ መሃሉ እንደ አኮርዲዮን ይተጣጠፋል። ከተማው እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት በር ላይ ሲደርስ መካኒኮቹ መፍቻቸውን ጥለው ወጡ፤ ሒሳብ ክፍሎቹ በመስኮት ተንጠለጠሉ። አባ ቀስታ ደግሞ ዙሪያውን ሦስቴ ዞሮ ሲያበቃ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰው። እሱ በዚያን ጊዜ የሚነዳት መኪና አሥራ አንድ ዓመት የኖረባት ናት፤ የኋላ በሯ ካልተረገጠ አይዘጋም፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ውስጧም ውጪዋም ያው ነው።

በዴፖው አንድ ልማድ አለ። አዲስ መኪና የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ ከግቢ ይዞት የወጣው ሹፌር የመኪናው ባለቤት ይሆናል። ከሁለቱ አንዳቸው ጡረታ እስኪወጣ አይለያዩም። የትም አልተጻፈም፣ ማንም አልፈረመበትም፤ ግን ያፈረሰው የለም። ቀዩ አውቶቡስ የሚወጣው ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያን ቀን መሪውን የያዘ ሰው ቀዩን አገኘ ማለት ነው፤ ያጣው ደግሞ አጣው።

«አንድ ነገር እንዳትረሳ» አለው የስምሪት ኃላፊው፣ ቁልፎቹ ከተሰቀሉበት ሰሌዳ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ። «መዝገቡን ታውቀዋለህ። ከአምስት ሰዓት በታች የተኛ ሰው የመኪና ቁልፍ አይነካም። አንተም ብትሆን።»

«እኔ?» አለ አባ ቀስታ። «እኔ እኮ ስተኛ ድንጋይ ነኝ!»

መዝገቡ የእንቅልፍ መዝገብ ነው። ሹፌር ሁሉ ጠዋት ቁልፍ ከመውሰዱ በፊት ስሙን ጽፎ፣ ከጎኑ ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኛ ሞልቶ ይፈርማል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ መዝገቡ የራሱን ጠባይ አወጣ። መጀመሪያ የደረሰው ሹፌር «7» ብሎ ይጽፋል፤ ከሱ በታች ያሉት ሃያ ምናምን ሰዎች ደግሞ «ከላይ እንዳለው» ለማለት ሁለት ሁለት ጭረት እያደረጉ ያልፋሉ። ሕፃን ልጅ ጥርስ እያወጣበት ሌሊቱን በትከሻው ይዞት ሲንጎራደድ ያደረም ሁለት ጭረት። ከሚስቱ ተጣልቶ ወንበር ላይ ያደረም ሁለት ጭረት። ወረቀቱን ያየ ሰው በምድር ላይ እንደዚህ ዴፖ የተኛ ሕዝብ የለም ይላል።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ነበር የሚራመደው፤ ያውም አባ ቀስታ። ሚስቱ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ገና ከሥራ ገብታ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ነበር። በሩን ሳይዘጋ «አንደኛ!» አላት። «አንደኛ ወጣሁ! ቀዩ የኔ ነው!» ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አብራቸው የምትኖረው አማቱ ከጓዳ እየተመረኮዘች ብቅ አለችና ነገሩ ሲነገራት እልል አለች። ወዲያውም ቦታ ያዘች።

«እኔ የምቀመጠው የሚተጣጠፈው ላይ ነው» አለች። «ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ የታጠፈው ወገቤ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደግሞ መኪና ሲታጠፍልኝ ልይ።»

ሰኞ ጠዋት ሚስትና አማት አራተኛው ፌርማታ ላይ ጠብቀው ሊሳፈሩ ተስማሙ። ራት ተበላ፤ ሳቅና ጨዋታው ቀጠለ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

የሚስቱ እንቅልፍ ይታወቃል፤ ትራሱ ጆሮዋን ሳይነካ ትሄዳለች። እሱ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ሲያይ ጣሪያው መንገድ ሆነ። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ቀዩ ሽው ይላል። ወደ ግራ ታጠፈ፤ ከኋላ ጭራው ተከተለው፤ አንዲት እግረኛ ድንገት ከእግረኛ መንገድ ወረደች፤ እሱም ያለ ኃይሉን ፍሬን ረገጠ።

«ኧረ እግሬን!» ብላ ሚስቱ ተነሣች። የረገጠው ቅልጥሟን ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ድንገት ፍሬን ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ይቅርታ ጠይቆ አሻሸላትና እሷ ተመልሳ ተኛች። እሱ ግን ንጋት ድረስ ስድስት ዙር ሠራ። ደስ ብሎት ስለነበር ነገሬ አላለውም።

ሐሙስ ማታ ሚስቱ መላ አመጣች። «ቁጠር» አለችው። «ዝም ብለህ አንድ ነገር ቁጠር። እኔ ዱሮ የአልጋ ልብስ እቆጥር ነበር፤ ከአሥራ ሁለት አልፌ አላውቅም።»

መልካም ምክር ነው፤ ለሌላ ሰው። አባ ቀስታ ግን የሚቆጥረው ሲያጣ ፌርማታ ቆጠረ። አንደኛው ዴፖው በር፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ፣ ሦስተኛው ዳቦ ቤቱ። ዐይኑ ከበድ ከበድ ማለት ጀምሮ ነበር። ዘጠነኛው ላይ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቀዩ በአንድ ጊዜ አልታጠፍ አለ። ተነሥቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ትራሱን የፊተኛው አካል፣ የታጠፈ ብርድ ልብሱን የኋለኛው አካል አድርጎ በጨለማ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየና በአምስተኛው ሙከራ ተሳካለት። ከዚያ ተነቃቅቶ እስከ ሠላሳ አንደኛው ፌርማታ ገሰገሰ። ተርሚናል ከተደረሰ ደግሞ እዚያ ማደር የለም፤ መመለስ አለ። ተመለሰ።

ዓርብ ዐይኑ ቀላ። የዴፖው ነርስ ምሳ ሰዓት ላይ አይታ ጠራችውና ደም ግፊቱን ለካች። ከዚያ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ፊቷ አቁማ ነገረችው። «ከቀትር በኋላ ሻይ የሚባል የለም። በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥ። ሰዓት አትይ፤ ሰዓቱን አዙረው። እንቅልፍ እምቢ ካለህ አልጋ ላይ አትታገል። ተነሣና ሌላ ክፍል ደብዘዝ ያለ መብራት ስር ቁጭ ብለህ አንድ አሰልቺ ነገር አንብብ። ሲመጣብህ ትመለሳለህ።»

«አሰልቺ ነገር» አለ አባ ቀስታ እየጻፈ።

«በጣም አሰልቺ።»

ሁሉንም እንዳለችው አደረገ። ሻይ አልነካም፤ ሰዓቱን አዞረ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላበጠና ተነሥቶ ሳሎን ገባ። አሰልቺ ነገር ፈለገ። እጁ የገባው የቀዩ አውቶቡስ መመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ። ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ነገር እንደሌለ ነርሷም፣ ሚስቱም፣ እኔም እናንተም እንስማማለን። እሱ ግን ስለ በሮቹ የአየር ግፊት ሲያነብ «አይ ጥበብ!» እያለ ጭኑን ይመታል። ንጋት ላይ ሚስቱ ስትነሣ ገጽ መቶ ዘጠና ላይ አገኘችው።

«ስሚማ» አላት፣ ዐይኑ ደም መስሎ። «መሃሉ ያለው መታጠፊያ ለብቻው ዘይት እንደሚጠጣ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ሰው ምን ነካህ?» ብላ መጽሐፉን ነጠቀችው። እስከ ሰኞ ድረስ የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቿ ስር ተቆልፎበት ሰነበተ።

ቅዳሜ ደስታው ላይ ሥጋት መቀላቀል ጀመረ። ጠዋት ብርጭቆ ከእጁ አምልጦት ተሰበረ። አሮጌ መኪናውን ይዞ ሲወጣ አንድ ፌርማታ አልፎ ተሳፋሪ ጮኸበት። ማታ አማቱ ለብ ያለ ውኃ በሣህን አድርጋ እግሩ ስር አኖረች፤ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተትም ሰጠችው። እግሩን ልታጥበው ጎንበስ ስትል «ኧረ በእናትዎ፣ እማማ! ምን አደረግኩዎ?» ብሎ ሊነሣ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው። «አላጥብህም፤ እግርህን ብቻ ንከረው። እየነከርክ ደግሞ ንገረኝ። ደስታ ሦስት ሌሊት አያስነቃም። ምን ፈርተህ ነው?»

አባ ቀስታ ወተቱን አየ። ከዚያ በቀስታ፣ እንደ አመሉ፣ ተናገረው። «ጭራውን እማማ። ፊቱን እኔ ይዤ ስሄድ ጭራው ኋላ የራሱን ሥራ ይሠራል። ስታጠፍ ያ ኋለኛው ማንን እንደሚነካ ሁልጊዜ አይታየኝም። እስከ ዛሬ ሰው አልነካሁም። አሁን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ...» አልጨረሰውም።

«እኔ ስድስት ወልጃለሁ» አለች አማቱ። «ስድስት ጭራ ማለት ነው። አንዳቸውም አይታዩኝም ነበር። ቀስ እያልክ፣ ዞር እያልክ ማየት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። አንተ ደግሞ ቀስ ለማለት አትቸገርም።»

ሳቀ። ቅዳሜ ሌሊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ከሳምንቱ ሁሉ ያ ይበልጣል፤ ውኃው ይሁን ወተቱ አላውቅም፤ እኔ ግን የፈራውን በአፉ ማውጣቱ ነው ባይ ነኝ።

እሑድ ታዲያ ቤቱ ሁሉ ሊያስተኛው ተነሣ፤ ነገሩም የተበላሸው በዚሁ ነው። ሚስቱ ጎረቤቱን አናጢ ሄዳ ለምና መዶሻውን አስቆመች። ስልኮች ጠፉ። በሩ እንዳይንቋቋ ማጠፊያው ዘይት ተቀባ። ሸሚዙ ተተኩሶ ተሰቀለ። ገና ጀንበር ሳትጠልቅ አልጋ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ሳሎን ተቀምጠው በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። ሹክሹክታ ደግሞ ከመዶሻ ይብሳል፤ ሰው ምን እንደተባለ ካልሰማ አይተኛም። በየግማሽ ሰዓቱ ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኛህ?» ትለዋለች።

«ልተኛ ስል መጣሽ።»

«በል ይቅርታ፣ ተኛ።» ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ «አሁንስ?»

በመጨረሻ ሚስቱ ራሷ ደክሟት አጠገቡ ወደቀች። እሱ ሊነጋጋ ሲል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አሸለበው። በዚያም ላይ ሕልም አየ፤ ፌርማታ ይቆጥር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ያ የተተኮሰ ሸሚዝ ከለበሰው ሰው የተሻለ መልክ ነበረው። ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፤ ጉንጩን በጥፊ መታ መታ አደረገ፤ መስታወት ፊት ቆሞ ዐይኑን በለጠጠ። «ሰባት» አለ ለመስታወቱ። ደገመው፤ «ሰባት ሰዓት ተኛሁ።» ድምፁ ደህና ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ጭረት ሲያደርግ ኖሯል፤ ዛሬ አንድ ቁጥር መጻፍ ምን አለበት? ሚስቱ በር ላይ ሳመችውና «አራተኛው ፌርማታ!» አለችው። ደረቷ ላይ አዲስ ሻርፕ አድርጋለች።

ሹፌሮችን የሚሰበስበው ሰርቪስ መጣ፤ ተሳፈረ፤ በመስኮት አየ። ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት መብራቱን አብርቷል፤ አንድ ሰውዬ መዝጊያውን ወደ ላይ ይገፋል። ቀጥሎ ያየው የዴፖውን በር ነው።

መጀመሪያ አልገባውም። ዳቦ ቤቱ የት፣ ዴፖው የት? መሃሉ ላይ ድልድዩ አለ፣ አደባባዩ አለ፣ ሁለት መብራቶች አሉ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። የት ሄዱ? አጠገቡ የተቀመጠውን ባልደረባውን «መብራቱ ጋ ቆመናል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሁለቱም ጋ ቆመናል። ምነው?»

ብርድ ከእግሩ እስከ ራሱ ወጣበት። አላንቀላፋም፣ ጭንቅላቱም አልወደቀ፤ እንዲያው ያ ሁሉ መንገድ ከሕይወቱ ተቆርጦ ወጣ። አሁን ተሳፋሪ ነው፤ ምንም አልሆነም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን መሪው በእጁ ይሆናል፤ ከኋላው መቶ ሃምሳ ሰው ይኖራል፤ አራተኛው ፌርማታ ላይ ደግሞ አዲስ ሻርፕ ያደረገች ሚስቱ ቆማለች።

ስምሪት ክፍሉ ዛሬ እንደ ሠርግ ቤት ሞልቷል። ጭብጨባ ተቀበለው። የስምሪት ኃላፊው ራሱ ተነሥቶ መዝገቡን ዘረጋለትና «ዛሬ የመጀመሪያው መስመር ያንተ ነው» አለው። እስክሪብቶውን ያዘ። የቀዩ ቁልፍ ከሰሌዳው ላይ ቀይ ክር ታስሮለት ተንጠልጥሏል። አየው። ሰባት ቁጥርን ለመጻፍ አንድ ጭረት ወደ ጎን፣ አንድ ጭረት ወደ ታች ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ነገር በሁለት ጭረት ያልቃል። እጁ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ «1 ተኩል» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ይህን ለኃላፊው በአፉ ሊነግረው ዞር አለ፤ ባልደረቦቹ ግን ጊዜ አልሰጡትም። ሁሉም ቀዩ ሲወጣ ለማየት ቸኩሏል። አንዱ እስክሪብቶውን ተቀበለው፣ ሁለት ጭረት፤ ሌላው ተቀበለ፣ ሁለት ጭረት፤ ከላይ ምን እንደተጻፈ ያየ አንድም የለም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ስድስት ሰው ፈረመ። ኃላፊው መዝገቡን አነሣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ሰዎች» አለ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ሹፌር ሁሉ ሌሊቱን አንድ ሰዓት ተኩል ነው የተኛው?»

ከዚያ አንዱ መዝገቡን አጮልቆ አይቶ «ኧረ ጉድ!» አለ፤ ሁሉም ተንጋግቶ መጣ። «እኔ ሰባት ነው ያልኩት!» «እኔም!» «ማነው ላይኛውን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባ ቀስታ። «የኔ እውነት ነው። የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ኃላፊው ደንቡን ያውቃል። ከአምስት በታች ለጻፈ ሰው ቁልፍ ቢሰጥ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጭረቱ እንዲሰረዝ ቢያደርግ ደግሞ እያንዳንዱ ራሱ፣ በራሱ ቁጥር መጻፍ አለበት። አዲስ ገጽ ገለበጠና «አንድ በአንድ» አለ። «ጭረት ያደረገ እጁን እቆርጠዋለሁ!» ሰልፉ ተሠራ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያን ቀን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጠሩ። ስድስት። አምስት ተኩል። ስድስት። «አራት... ልጄ ጥርስ እያወጣ ነው።» «ሦስት። አትጠይቁኝ።» ሁለቱ ያለ ቁልፍ ቀሩ። አውቶቡሶቹ ሁሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገዩ፤ ፌርማታ ላይ የቆመው ሕዝብ ምን እንዳለ አልጽፈውም።

በፈተናው ሁለተኛ የወጣችው «ሽቦ» የሚሏት ቀጭን ሹፌር ናት። ከስድስት ዓመት በፊት መንዳት ያሠለጠናት እሱ ነው። ተራዋ ሲደርስ «ስምንት ተኩል» ብላ ጻፈች። ኃላፊው በጥርጣሬ አያት።

«እውነቴን ነው» አለች፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። «የጋሼ ቀን ነው፣ እኔን ምን ቸገረኝ ብዬ ለጥ ብዬ ተኛሁ።»

አባ ቀስታ ራሱ ቁልፉን ከሰሌዳው አወረደና ቀዩን ክር እጇ ላይ አኖረላት። አዘነ። ግን ጉድ የሚያሰኘው፣ ከረቡዕ ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገርም አብሮ ወረደ። «ዘጠነኛው ፌርማታ ላይ ሰፋ አድርገሽ ግቢ» አላት። «ፊቱ ከመድኃኒት ቤቱ በር ሲያልፍ አጥፊ፤ ከዚያ በፊት እንዳትሞክሪው።»

«ጋሼ፣ ይህን በየትኛው ሰዓት አወቁት?»

«ሐሙስ ሌሊት» አላት።

እሱም ተሳፈረ፤ እንደ ማንም ቲኬት ቆርጦ። አራተኛው ፌርማታ ላይ ሚስቱና አማቱ ለመሪው እጃቸውን እያውለበለቡ ቆመዋል። መሪው ላይ ሽቦን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እሱ በመካከለኛው በር ብቅ ብሎ «ግቡ፣ ግቡ! እማማ፣ ቦታዎን ይዤልዎታለሁ!» አላቸው።

«ምን ሆነህ ነው? ምን አደረጉህ?» አለች ሚስቱ፣ ገና እግሯ ሳይገባ።

«እውነቱን ጻፍኩ» አላት። «አንቺ መንገድ ዳር ቆመሽ ሳለ፣ ሳላይሽ እንዳልነካሽ እርግጠኛ አልነበርኩም።»

ሚስቱ ክንዱን ያዘች፤ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። አማቱ መታጠፊያው አጠገብ ተቀመጠች፣ እሱን ከጎኗ፣ ሚስቱን ከወዲያ። ቀዩ ተነሣ። እንዴት ደስ ይላል! ወለሉ ከእግር ስር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል፣ ሰዉ ሁሉ ይስቃል፤ ሽቦ ልክ እንዳስተማራት ፍሬኗን እንደ ላባ ትነካዋለች። አባ ቀስታ አንድ ነገር ሊላቸው አፉን ከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ከኋላው የሚያንቀላፉ ሰዎች ነበሩት፤ የሌሊት ተረኞች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ቦርሳቸውን አቅፈው። ምን እንደሰጡት ዛሬ ገና ገባው። ሰው የማያውቀው ሰው እጅ ላይ አንገቱን ጥሎ ይተኛል! ይህን ሊል ነበር። ግን አምስተኛው ፌርማታ ሳይደርስ ራሱ አማቱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሲነቃ መኪናው ቆሟል። ተርሚናል ነው፤ ባዶ ነው። ሽቦ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች።

«ደረስን?» አለ።

«ሁለቴ ሄደን አንዴ ተመልሰናል» አለች ሚስቱ። «ሥራዬም ቀርቷል። አፍህን ዝጋ እያልኩ ዘጠኝ ሰው ይቅርታ ጠይቄያለሁ።»

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?»

«አምስት ቀን ሙሉ የፈለግነውን ነገር ዛሬ አግኝተን፣ ማን አብዶ ይቀሰቅሰዋል?» አለች አማቱ። ትከሻዋ ደንዝዞ እያሸች ነበር። «አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ሲያስጮህ በምርኩዜ ነካ አድርጌዋለሁ።»

አባ ቀስታ ዙሪያውን አየ። ከዚያ እንደ ሕፃን ደነገጠ። «ዘጠነኛው ፌርማታስ? ጭራው እንዴት ነበር?»

«አንተ አልነበርክም እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም አላየሁም!» አለ። «ቀዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ ውስጡ ቁጭ ብዬ፣ ምንም!» ሳቁ ከዚያ ጀመረ። እየሳቀ እንባው ወረደ፤ ሚስቱም ሳቀች፤ እንባው ግን የሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባትና በሻርፗ ጠረገችለት።

ሽቦ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች። «ጋሼ፣ እኔ ይህን ልማድ...»

«ልማድ ልማድ ነው» አላት። «ያንቺ ነው። ጠብቂው። መታጠፊያው ለብቻው ዘይት እንደሚጠጣ አትርሺ።»

«ኃላፊው ደውሎ ነበር» አለች። «ሁለተኛው አውቶቡስ ከሁለት ወር በኋላ ይገባል። ሰማያዊ ነው አሉ። የእርስዎ ስም አሁንም ላይኛው ላይ ነው።»

«ሰማያዊ?» አለ አባ ቀስታ። ቀና አለ። «ርዝመቱ ያው ነው? በሩ ስንት...»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለች ሚስቱ። «ዛሬውኑ እንዳትጀምር!»

አማቱ ምርኩዟን ይዛ ተነሣችና እጅጌውን ጎተተችው። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው የተኛኸው፤ ቆጥሬዋለሁ። አልበቃህም። ና፣ ቤት ሄደን የጀመርከውን ጨርስ።»

ሄደ። በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃው በቅጡ ሳይዘጋ፣ ጎረቤት አናጢው ከእሑድ ያጠራቀመውን ሁሉ እየመታ ሳለ፣ ያን የተተኮሰ ሸሚዝ ሳያወልቅ ተጋደመ፤ እስከ ማክሰኞ ጠዋትም ተኛ።